የብሎክ አሥራ አራት የምራቅ እቁብ

ኅዳር 11 ቀን 2061 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኖላዊት በሯን ገርበብ አድርጋ የውጭውን እጀታ ዳሰሰች። ትንሿ የጨርቅ ከረጢት ተንጠልጥላለች። ውስጧ አንድ ቀጭን የወረቀት ጥብጣብ አለ፤ ጫፉ ላይ ገና ያልደረቀ የሰው ምራቅ። የሳምንቱ ባለእጣ የሁለተኛ ፎቋ ሀሴት ነበረች።

ኖላዊት ጥብጣቡን በሁለት ጣቷ ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባችና ከመስታወቱ ጎን ግድግዳው ውስጥ በተቀበረው መሣሪያ አፍ ሰካችው። መሣሪያውን ሁሉም ሰው ሚዛን ይለዋል። ሚዛን ናሙና ሲሰጠው አርባ ሰከንድ ያህል ዝም ይላል። እሷም በዚያ መሀል ጥርሷን ቦረሸች።

«እንደምን አደርሽ ኖላዊት» አለ ሚዛን፣ በለሰለሰ የሴት ድምፅ። «ሆርሞኖችሽ የተስተካከሉ ናቸው። የዛሬው ቀለምሽ አረንጓዴ ነው። መልካም ሥራ።»

ከሥሩ ያለችው መሳቢያ ተከፍታ አንዲት ነጭ እንክብል አቀረበች። ኖላዊት እንክብሏን ሽንት ቤት ውስጥ ጣለቻትና ውኃ ለቀቀችባት። የራስ ምራቅ ባልገባበት ቀን የሚወጣ መድኃኒት አይዋጥም፤ ከእቁቡ ደንቦች አንዱ ይህ ነው። ከዚያ ሁለት ሹራብ ደርባ፣ የሱፍ ጓንቷን አጥልቃ ወደ ሥራ ወጣች። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ብቻዋን ነው የምትኖረው።

ሚዛን ክፉ ነገር አይደለም። ከእሱ በፊት የነበረውን ጊዜ የሚያስታውሱ ሴቶች ይህን ደጋግመው ይናገራሉ። የወር አበባዋ ለግማሽ ዓመት የጠፋባት ልጅ «ስታገቢ ይስተካከላል» ትባል ነበር። አገጯ ላይ ጸጉር የበቀለባት ሴት በሯን ዘግታ በወረንጦ ስትታገል ትኖራለች። ከወለደች በኋላ ከአልጋ መነሳት ያቃታት ሰነፍ ናት፤ በሃምሳ ዓመቷ በላብ የምትጠመቀው ደግሞ አርጅታ ነው። ሚዛን በየቤቱ ከገባ ወዲህ እነዚህ ሁሉ ስም፣ መጠን፣ በየማለዳውም የሚቀመም መድኃኒት አገኙ። ብዙ ሴቶች ስንት ዓመት ሙሉ ምን ሆነው እንደኖሩ ያወቁት በዚያ ዘመን ነው።

ችግሩ የመጣው ቀለሙ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ነው። አሠሪዎች መጀመሪያ ለማየት የጠየቁት አደጋ ሲደርስ ብቻ ነበር፤ ጥያቄያቸውም ምክንያት አላጣም። ውሎ አድሮ ግን ቀለሙ በየቀኑ የሚታይ ሆነ። ሦስት ቀን በተከታታይ ቢጫ ያሳየች ሴት ለአንድ ወር ከሥራ ወንበሯ ትነሳለች። በዓመት ሁለት ጊዜ ከተነሳች ወንበሩ ለሌላ ይሰጣል። የተዛባን ሆርሞን ለማስተካከል ሚዛን ሁለት ሦስት ወር ይፈጅበታል። መሣሪያው ማከም ይችላል፤ ወንበሩ ግን መጠበቅ አይችልም።

እቁቡን ከዘጠኝ ዓመት በፊት የመሠረቱት የአራተኛ ፎቋ እትዬ ትርሲት ናቸው። ያኔ እሳቸው ወር አበባቸው ሊቋረጥ ዳር ዳር እያለ፣ አንድ ቀን አረንጓዴ አንድ ቀን ቢጫ ይሆኑ ነበር። ኖላዊትም የወር አበባዋ በተዛባ ቁጥር ቢጫ እየሆነች በተለያየ ዓመት ሁለት ጊዜ ተነስታ ነበር። የብሎኩ መሣሪያዎች በአዲስ በተተኩበት ሳምንት፣ መሣሪያዎቹ ገና ማን ማን እንደሆነች ሳይለዩ፣ ስድስት ሴቶች ተስማሙ፤ ኖላዊት፣ እትዬ ትርሲት፣ ሀሴት፣ የሦስተኛ ፎቋ ሶልያናና የአንደኛ ፎቆቹ ሁለት እህትማማቾች። መሣሪያው ሰውን የሚለየው በሆርሞኑ ልማድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የስድስቱን ቅይጥ የእያንዳንዷ ልማድ አድርጎ ያዘው። ዘረመሏን እንዳያነብ፣ የአንዷን መዝገብም ከሌላዋ እንዳያነጻጽር ሕግ ይከለክለዋል። ሕጉ የወጣው ሴቶቹን ለመጠበቅ ነው፤ ጠብቋቸዋልም።

የምራቅ እቁብ ከሌላው እቁብ የሚለየው በሚሰበሰበው ነገር ብቻ ነው። ዳኛ አለው፣ እጣ አለው፣ ደንብ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ እጣ ይወጣል። የወጣላት ሴት እሁድ ጠዋት የራሷን ምራቅ ለሚዛን ትሰጣለች፤ አረንጓዴ ከሆነች ሳምንቱን ሙሉ ለስድስቱም ትተፋለች። ቢጫ ከሆነች ለቀጣይዋ ታሳልፋለች። ዋናው ደንብ ግን ጥንትም የነበረው ነው፤ እጣ የበላ ጥሎ አይወጣም።

ኖላዊት የራሷን ምራቅ ለመጨረሻ ጊዜ የሞከረችው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ቢጫ አለ። በማግስቱ የሌላ ሰው አስገባች፤ አረንጓዴ አለ። ከዚያ ወዲህ እጣዋ ሲደርስ «እኔን እለፉኝ» ትላለች፤ ያልፏታል። ሚዛን ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በስሟ ሲጠራት አንድ ጠብታዋን እንኳ አልቀመሰም።

ሥራዋ ከባድ መኪና መንዳት ነው። መኪኖቹ አፋር ውስጥ ናቸው፤ እሷ ደብረ ብርሃን። በአዳራሹ አርባ ወንበሮች አሉ፣ በየወንበሩ ፊት ሦስት ስክሪን። ውጭ ሣሩ ላይ ውርጭ ሳይቀልጥ የእሷ ስክሪን የጋላፊን መንገድ ያሳያል፤ ከጥጉ «41 ዲግሪ» የሚል ተጽፏል። ጋቢናው ባዶ ነው። አዳራሹ ውስጥም ማንም ከማንም አያወራም፤ ሁሉም ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጓል፤ የሚሰማውም የሩቅ ሞተር ነው።

ኖላዊት ያንን ሙቀት እያየች ትንቀጠቀጥ ነበር። ብርዱ ከአጥንቷ ነው የሚነሳው። ጸጉሯ በማበጠሪያ ሙሉ ይወጣል። ሳትበላ ትወፍራለች። ቃል ይጠፋባታል፤ «መሪ» ለማለት ፈልጋ «ያ ክቡ ነገር» ያለችበት ቀን አለ። ቅዳሜና እሁድን ተኝታ ውላ ሰኞ ደክሟት ትነሳለች።

የፈረቃው ኃላፊ አቶ ናሆም በዚያ ጠዋት ወንበሯ አጠገብ ቆመ።

«ዛሬ ደግሞ ጓንት መጣ?»

«በረደኝ አቶ ናሆም።»

«ደብረ ብርሃን ነው እኮ ያለሽው። የማይበርደው ማን አለ?» በእጁ የያዘውን ሰሌዳ አየ። «ፍሬን ላይ ዘግይተሻል። በዚህ ወር በአማካይ ሰባት ዐሥረኛ ሰከንድ። ያመመሽ ነገር አለ?»

«እንጃ።»

«እኔም እንጃ። ቀለምሽ ከሚስቴ ይሻላል።» ሳቅ አለ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው። «ለማንኛውም ክሊኒክ ሂጂና ታዪ።»

ሄደች። ሲስተር ቤተል የምትባል ወጣት ነርስ መዝገቧን ከፍታ ወደ ታች ብዙ ወረደች። ለበሽተኛዋ ጊዜ የምትሰጥ ሴት ናት፤ አልቸኮለችም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ አረንጓዴ» አለች። «እንዲህ ያለ መዝገብ በወር አንድ ብናይ ነው። እንቅልፍ ትተኛለሽ?»

«ከመጠን በላይ።»

«ብቻሽን ነሽ?»

«አዎ።»

ሲስተር ቤተል ከስክሪኑ ዞር ብላ አየቻት። «ብቸኝነት ሰውነት ውስጥ ይገባል። ከሰው ጋር ዋዪ። ማኅበር ነገር የለሽም?»

«እቁብ አለኝ» አለች ኖላዊት።

«በጣም ጥሩ» አለች ነርሷ። «እሱን አትተይ።»

ቅዳሜ እጣ ለማውጣት አራተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ተሰበሰቡ። እህትማማቾቹ ፈረቃ ላይ ስለነበሩ አራት ብቻ ናቸው። እትዬ ትርሲት በርጩማቸውን አውጥተው ተቀምጠዋል፤ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ጡረታ ሊወጡ አሥራ አራት ወር ቀርቷቸዋል። ሀሴት ግድግዳ ተደግፋ ጥፍሯን ትሞርዳለች።

«አፌ ደርቋል» አለች ሀሴት። «ለስድስት ሰው መትፋት ቀላል መሰላችሁ? ትናንት ሎሚ እያየሁ ነው የተፋሁት።»

«ብቻ ሎሚውን እንዳትበዪው» አለች ሶልያና። «ባለፈው ሶዳ ጠጥተሽ ሁላችንንም ቢጫ ልታደርጊን ነበር።»

«እሱ ሶዳ አልነበረም፤ ንዴት ነው።»

ኖላዊት ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች። «ከእቁቡ ልወጣ ነው» አለች።

ሀሴት ሞረዷን ኪሷ ከተተች።

«የት ልትገቢ?» አለች ሶልያና።

«የትም። የራሴን ምራቅ ማስገባት እፈልጋለሁ። አሞኛል።»

«ብርድ ነው» አለች ሀሴት። «ነጭ ሽንኩርት በማር ብዪ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ በልቻለሁ። ብርድ አይደለም።»

እትዬ ትርሲት የኖላዊትን አንገት ትክ ብለው አዩት። «እስኪ ምራቅሽን ዋጪ» አሉ። ዋጠች። የሆነ ነገር ጉሮሮዋ ላይ ወጣ ብሎ ወረደ። «የእናቴ እናት እንቅርት ነበረባት» አሉ። «ያኔ በዓይን ይታወቅ ነበር።»

«የራሷን ስታስገባ ምን ይሆናል?» ሀሴት ጠየቀች።

«እሷ እሷ እንዳልሆነች ያውቃል» አሉ እትዬ ትርሲት። «ከዚያ የማን ነበር ይላሉ። ከዚያ በየበራችን ይመጣሉ።»

ሶልያና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። «የእኔ ኮንትራት በጥር ያልቃል፤ ካደሱልኝ ቋሚ ነኝ። ሁለት ልጅ እንዳለኝ ታውቂያለሽ ኖሊ። ለኔ ብለሽ ሳይሆን ለነሱ። ሁለት ወር ብቻ ቻይ።»

«እጣ የበላ አይወጣም» አለች ሀሴት፣ ቀስ ብላ፤ እንደ ማሳሰብ እንጂ እንደ ስድብ አልነበረም። «ካንቺ በላይ ማን በላ? ሁለት ዓመት ሙሉ የእኛን ነው የምትበዪው።»

እውነት ነበር። ኖላዊት ወደ እትዬ ትርሲት ዞረች።

«ዳኛ ነዎት እትዬ። ይፍረዱ።»

እትዬ ትርሲት የእጣ ወረቀቶቹን በመዳፋቸው ውስጥ ብዙ ጊዜ አሹ። «እስከ ጥር» አሉ።

«እሺ» አለች ኖላዊት።

ታኅሣሥ 19 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኖላዊት ከጋላፊ በስተ ምዕራብ ባዶ መኪና ትነዳ ነበር። ዓይኗ ክፍት እንደነበር የወንበሯ ካሜራ ያሳያል። አንድ ሰው ሦስት ግመል እየነዳ አስፋልቱን መሻገር ጀመረ። አየችው። ሰው መሆኑን አወቀች፤ ማድረግ ያለባት ነገር እንዳለም አወቀች። ያ ነገር ምን እንደሆነ ግን እግሯ ዘንድ እስኪደርስ ጊዜ ወሰደ። መኪናው የቆመው ከሰውየው ሁለት ክንድ ርቆ ነው።

ሰውየው አልሮጠም። ግመሎቹን አሳልፎ ተመለሰና በጋቢናው መስኮት ወደ ውስጥ አየ፤ ወንበሩን፣ መሪውን፣ ከወንበሩ ኋላ ያለውን።

«ሰው የለም?» አለ።

ኖላዊት የድምፅ ማጉያውን ተጫነች። ደንቡ አይፈቅድም። «አለሁ» አለች።

ሰውየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «የት?»

«ደብረ ብርሃን።»

«ሩቅ ነው» አለ። በዱላው ጎማውን ነካ ነካ አደረገው። «ልትገድይኝ ነበር።»

«ይቅርታ። አይቼህ ነበር። እጄ… እግሬ ዘገየብኝ።»

ዝም ብሎ አዳመጠ፤ ከተናገረች በኋላም ያዳምጥ ነበር። «ድምፅሽ የታመመ ሰው ድምፅ ነው» አለ። «ታመሻል?»

በሁለት ዓመት ውስጥ እሷ ሳትናገር ሌላ ሰው የታመምሽ ነሽ ሲላት የመጀመሪያው ነበር። ከኋላዋ የቆሙት መኪኖች ቀይ ምልክት ይልኩላት ጀመር።

«አዎ» አለች።

«ታዲያ ተኚ» አለ ሰውየው። ግመሎቹን ተከትሎ ሄደ።

ምሽቱን ከሥራ ከወጣች በኋላ የሆነውን መዝግባ ለአቶ ናሆም ሰጠችው። አነበበና የዕለቱን ቀለሟን አየ። አረንጓዴ ነው። «መንገዱ አቧራ ነበረው ብለን እንጻፍ» አላት። ሊጠቅማት ነው የፈለገው።

በማግስቱ ጠዋት በእጀታው ላይ የተንጠለጠለችውን ከረጢት አላወረደችም። ከማሸጊያው አዲስ ጥብጣብ አውጥታ ምላሷ ላይ አደረገች። ሰካችው። አርባው ሰከንድ አለፈ።

«ይህ ናሙና የኖላዊት አይደለም» አለ ሚዛን። «እባክሽ የኖላዊትን ናሙና አስገቢ።»

ሌላ ጥብጣብ አወጣች።

«ይህ ናሙና የኖላዊት አይደለም» አለ ሚዛን እንደገና፣ በዚያው ድምፅ። «የናሙናው ባለቤት በጠና ታማለች። የታይሮይድ እጢዋ ሥራውን ካቆመ ቆይቷል። ብቻዋን እንዳትተዪያት፤ ወደ ሕክምና እንድትሄድ እርጃት። ታውቂያታለሽ?»

ኖላዊት መስታወቱን አየች። ፊቷ አብጧል።

«አውቃታለሁ» አለች።

«ስሟ ማን ነው?»

ከገጠር የመጣች እንግዳ ናት ማለት ትችል ነበር። ሚዛን ለእንግዳ መዝገብ ይከፍታል፤ ሰው አይጠራም። እንግዳዋ ትታከማለች፣ ጤነኛዋ ኖላዊትም ወንበሯ ላይ ትቀጥላለች፣ እቁቡም እስከ ጥር ይደርሳል። ይህን አስባዋለች፤ በኋላ ለመርማሪዋ ራሷ ነግራታለች። ነገር ግን በሁለት ሰዓት ፈረቃዋ ይጀምራል፤ ጋላፊ መንገድ ላይ ደግሞ ሰዎች ግመል ይዘው ይሻገራሉ።

«ኖላዊት» አለች። «እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ስትቀበይው የኖርሽው የእኔ አልነበረም።»

ሚዛን ከአርባ ሰከንድ በላይ ዝም አለ። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አለ። «ንባብሽ ከአሁን ጀምሮ ተቋርጧል።»

ምርመራው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ማንም አልታሰረም፣ ማንም አልተሰደበም። መርማሪዋ በሪፖርቷ መጨረሻ ላይ ሴቶቹ ወንበራቸውን ለማዳን ሲሉ መድኃኒታቸውን እንደጣሉ፣ ደንቡም ቢሆን መታየት እንዳለበት ጻፈች። የስድስቱም የዘጠኝ ዓመት መዝገብ «ባለቤት የሌለው» ተብሎ ተሰረዘ፤ አዲስ መዝገብ እስኪሞላ ድረስም ከወንበራቸው ተነሱ። ከሌሎቹ አምስት ሴቶች በሦስቱ ላይ መታከም የነበረበት ነገር ተገኘ። የሶልያና ኮንትራት አልታደሰም።

ደረጃው ላይ የሚያናግራት ጠፋ። ሀሴት ስታልፍ ለግድግዳው ሰላምታ ትሰጣለች። እህትማማቾቹ የኖላዊትን ኮቴ ሲሰሙ ሊወጡ የከፈቱትን በር መልሰው ይዘጋሉ። የሶልያና ልጆች ድሮ «ኖሊ» ይሏት ነበር፤ አሁን አንደኛው ሲያያት የሌላኛውን እጅ ይይዛል። በእጀታዋ ላይ ምንም የሚንጠለጠል የለም። መታጠቢያ ቤት ስትገባም ሚዛን አይናገርም።

መድኃኒቱን ለማግኘት አዲስ መዝገብ ያስፈልጋል። መዝገቡን አንድ ጊዜ በሐሰት ያስሞላች ሴት ደግሞ እሷ እሷ መሆኗን የሚያረጋግጡ ሦስት ምስክሮች ማቅረብ አለባት። ዘመድ ያልሆኑ፣ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያውቋት፣ በሰውነቷ ላይ ያዩትን ለውጥ ቃል መስጠት የሚችሉ። ያለ ምስክር አይሆንም፤ በአንድ ምስክር የሠላሳ ቀን መድኃኒት ብቻ ይሰጣል።

ኖላዊት አቶ ናሆምን ጠየቀችው። ኮቱን ለብሶ ሊመጣ ሁሉ ተነስቶ ነበር፤ ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። «ምን ብዬ ልመስክር?» አለ። «አረንጓዴ ነበረች ብዬ?» የሚቀልድ አይመስልም ነበር።

ለእቁቡ ሴቶች በየበራቸው ሥር ወረቀት አስገባች፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ምስክር የሚሰማበትን የጤና ቢሮ ቁጥር ጽፋ። ሌላ ምንም አልጻፈችም።

ጥር 16 ቀን ከሦስት ሰዓት ጀምሮ በጤና ቢሮው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ጸሐፊዋ በዕድሜ የገፋች፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት ናት፤ የኖላዊት ተራ ሲደርስ ወደ በሩ ታያለች፣ ማንም ከሌለ ቀጣዩን ትጠራለች። አራት ጊዜ እንዲህ ተራዋ አለፋት። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ ትርሲት ገቡ። ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበዋል። ኖላዊትን ሳያዩ ጠረጴዛው ፊት ቆሙ።

«ለዚህች ልጅ ነው» አሉ።

«ምን ያህል ጊዜ ያውቋታል?» አለች ጸሐፊዋ።

«ዘጠኝ ዓመት።»

«ከሁለት ዓመት ወዲህ በጤናዋ ላይ ያዩት ለውጥ ካለ ይናገሩ፤ እጽፋለሁ።»

እትዬ ትርሲት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አምስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። እኔ አራተኛ ነኝ። ስትገባ በሬ ፊት ትቆምና ቦርሳዋን ትበረብራለች፤ ቁልፍ የምትፈልግ ለመምሰል። ቁልፉ እጇ ላይ ነው። የምትፈልገው ትንፋሿን ነው። በበሬ ቀዳዳ አያታለሁ። አምና እስክትነሳ ሠላሳ እቆጥር ነበር። ዘንድሮ ስድሳ ደርሷል።»

«ቀስ ይበሉ» አለች ጸሐፊዋ።

«ቅንድቧ ከወደ ጫፉ ሳስቷል፤ በኩል ትሞላዋለች። ፊቷ ጠዋት ያብጣል። ድሮ ደረጃውን እያንጎራጎረች ነበር የምትወርደው፤ ከየትኛው ወር እንደተወችው ልነግርሽ እችላለሁ፣ መጋቢት ነው፣ ካቻምና። ድምጿ ወፍሯል። ስትጠሪያት ዞር እስክትል ትዘገያለች፤ ሰው የናቀች ይመስላል፣ ግን አይደለም። ካልሲ ሁለት ነው የምታደርገው። እጇን ስትጨብጫት እንደ ድንጋይ ነው።»

ጸሐፊዋ ጻፈች። ኖላዊት አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች ሰማች። ስለ እሷ ይህን ያህል ሰው ሲናገር ሰምታ አታውቅም።

«ይፈርሙ» አለች ጸሐፊዋ።

ፈረሙ። ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ኖላዊት ተነሳች።

«ሁሉን ያዩ ነበር» አለች።

«አዎ፣ ሁሉን አይ ነበር።»

«ታዲያ በሩን ለምን አልከፈቱልኝም?»

እትዬ ትርሲት ለመጀመሪያ ጊዜ አዩዋት። «ብከፍት ትነግሪኝ ነበር» አሉ። «ከነገርሽኝ ደግሞ ዳኛ ነኝ፤ እቁቡን ማፍረስ ሊኖርብኝ ነው። ደረጃ ላይ ስትነግሪኝም እስከ ጥር አልኩሽ። አሥራ አራት ወር ነበር የቀረኝ ኖላዊት። አንቺ እኔ ብትሆኚ ምን ታደርጊ እንደነበር አላውቅም። እኔ ያደረግሁትን ግን አውቃለሁ።»

ወደ በሩ ሄዱ። ኖላዊት ልትከተላቸው ስትል እጃቸውን በቀስታ አነሱ።

«አብረን አንውጣ። ሀሴት በዚህ በኩል ነው ወደ ገበያ የምትሄደው፤ አብረን ካየችን ተማክራችሁብኛል ብላ አትፈርምልሽም። አንቺ በታች በኩል ሂጂ።»

ጸሐፊዋ የሠላሳ ቀኑን መድኃኒት በወረቀት ከረጢት አድርጋ ከምስክር ቅጹ ጋር ሰጠቻት። ቅጹ ላይ ሁለት ባዶ መስመሮች ቀርተዋል። «ጠዋት በባዶ ሆድ ነው» አለቻት። «ለውጡን ለማየት ሳምንታት ይፈጃል፤ በሁለት ቀን አልተሻለኝም ብለሽ እንዳትተዪው። ሁለቱን ምስክር ከወሩ በፊት አምጪ። የሚያውቅሽ ሌላ ሰው የለም?»

«የሚያውቁኝ አሉ» አለች ኖላዊት። «አያናግሩኝም እንጂ።»

ጸሐፊዋ መነጽሯን አወለቀች፤ ከዚያ ቀጣዩን ጠራች።

ኖላዊት በታች በኩል ዞራ ወደ ብሎክ አሥራ አራት ተመለሰች። ነፋሱ ከጣርማበር በኩል ይመጣል፤ መንገደኛው ሁሉ አንገቱን ቀብሯል፤ ከመካከላቸው ማን ከውጭ ማን ከውስጥ እንደሚበርደው አይለይም። ደረጃውን ወጣች። ሁለተኛ ፎቅን አለፈች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ቦርሳዋን ሳትበረብር፣ ምንም የምትፈልግ ሳትመስል፣ ደረጃው መሀል ቆመች። እስኪመለስላት ጠበቀች።

ከዚያ የሶልያናን በር አንኳኳች።

ውስጥ የልጆች ድምፅ ነበር፤ ጸጥ አለ። ኮቴ ወደ በሩ መጣ፤ ደረሰና ቆመ። የበሩ ቀዳዳ ጨለመ። ኖላዊት የወሰደችውን ቅጽ ከፍ አድርጋ ልታሳይ አሰበችና ተወችው። ጓንቷን ብቻ አወለቀች፤ በሩ ቢከፈት ሶልያና የእጇን ቅዝቃዜ ራሷ እንድታውቀው።

በሩ አልተከፈተም። ኮቴውም አልተመለሰም። ሁለቱ ሴቶች ከእንጨቱ ወዲያና ወዲህ ቆሙ።